የአዴ ዓቢዳ ፊት

ጅቡቲ፣ አርሂባ
የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ከሊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎ ስልክ መስማት እምቢ ካለ ወዲህ በስልኩ ጽሑፍ መላላካችን እኔን ሳይጠቅመኝ አልቀረም። በድምፅ ቢሆን «ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋው ነበር።

ፎቶ የማነሳበት የሰርግ አዳራሽ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነና የቀጠሩኝ ሴትዮ ማን እንደሆኑ ጠይቀውኛል። አዳራሹ ጨለማ ነው። የዚህ አገር ሴቶች በምሽታቸው ነጭ መብራት አይወዱም፤ ቀይና ሰማያዊ አምፖል ሰቅለው ነው የሚጨፍሩት። ሴትዮዋን እንደ እናት አዴ ዓቢዳ እንላቸዋለን፣ የድሬ ሰው ናቸው፣ ጋቦዴ ነው ቤታቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን ወንዱ ልጃቸው ሱፊያን ይዞታል፤ ነፃ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን አለው። አሁን የምትዳረው ሴቷ ልጃቸው ሀያ ናት።

የሴቶቹን የሰርግ ምሽት በፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ደንቡን ነግሬዎት ነበር፤ እዚያ አዳራሽ ወንድ አይገባም፣ የእንግዳው ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፣ ፀጉሩን ያልፈታ የለም። ስለዚህ ድግሱ ሲያልቅ ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ለሙሽራዋ እናት በእጃቸው እሰጣለሁ። እኔ ዘንድ አንድም ፎቶ አይቀርም። ሴቶቹ የሚቀጥሩኝ ለዚህ ነው እንጂ ከእኔ የተሻለ የሚያነሳማ ሞልቷል። እስከ ዛሬ ሁሉንም በጄፔግ፣ በተለመደው የፎቶ ዓይነት፣ ሳነሳ የኖርኩትም ለዚሁ ነው፤ ካርዱን ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተው ወዲያው ያዩታል፣ የማንም እጅ አይገባበትም።

አሁን ግን ተቸገርኩ። አዴ ዓቢዳ ለብቻዬ አስጠርተው በሩን ዘጉና ሻሻቸውን አወረዱ። አጎቴ፣ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ከዓይናቸው ሥር ከሰል የተቀባ ይመስላል። በሽታው ጉበታቸው ላይ ነው። ልጆቻቸው ስኳር ነው የሚመስላቸው፤ እንዲያ ብለው ነግረዋቸዋል። «ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ የምታየኝ በዚያ ፎቶ ነው። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ» አሉኝ። ከዚያ ቃል አስገቡኝ። ለማንም አልናገርም ብያለሁ፤ ለእርስዎ መጻፌ ራሱ እየከበደኝ ነው።

በጄፔግ ባነሳቸው ያ ጥቁረት እንዳለ ይቀራል፤ ላነጣው ብል ይበላሻል። በሮው፣ ካሜራው ባላበሰለው ጥሬ ፎቶ፣ ባነሳ ላወጣው እችል ይሆናል። ግን ሮው እነሱ ቤት አይከፈትም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ላንሳ እንዳልል ጄፔጉ ከካርዱ ጋር ይሄድና ያንኑ ፊት ያያሉ። ምን ይሻለኛል?

ልጅዎ ሁዳ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሁዳ ልጄ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ያመመኝ ጥርስ ወልቋል። ሐኪሙ ጎረምሳ ነው፤ ሲነቅለው ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የጮኸው። ፎቶ ቤቱን እስካሁን አልሸጥኩትም። ገዢው ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ይሄዳል።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ይህን እኔን መጠየቅ አልነበረብሽም፤ አሳምረሽ ታውቂዋለሽ። ጄፔግ ሲሆን ካሜራው ራሱ አብስሎ፣ የማይረባ የመሰለውን ደፍቶ፣ የቀረውን ጨቁኖ ይሰጥሻል። ጨለማ ውስጥ ያለ ፊት ደግሞ ለካሜራ ዓይን ሁልጊዜ የማይረባ ይመስላል። ሮው ያየውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። እኛ በፊልም ዘመን ኔጌቲቩን ይዘን ጨለማ ክፍል ስንገባ ስንቱን ሙሽራ ከጥላ አውጥተናል! በሮው አንሺያቸው። ቤት አለመከፈቱ ለእሳቸው ይበጃቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም፤ ማንም ቀድሞ አያያቸውም። ሀያ ጫጉላ ሳለች ላፕቶፕሽን ይዘሽ እቤታቸው ሂጂ፣ እዚያው ፊታቸው ተቀምጠሽ ሥሪው፣ በጄፔግ አድርገሽ ካርዱን መልሺላቸው። ደንቡም አይፈርስ፣ ቃልሽም አይፈርስ።

አንድ ነገር ግን ልምከርሽ። ይህን የሮው ነገር ከሴትዮዋ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። እህት ትሁን፣ ጎረቤት ትሁን፣ አንድ ሰው። ሰው ነን፤ ዛሬ አለን፣ ነገ አናውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ።

ምግብ ብዪ። ሙቀቱ ያስጠላኛል ብለሽ በሻይ ብቻ እንደምትውይ አውቃለሁ።

አጎትሽ ከሊፋ

አርሂባ፣ የካቲት 20 ቀን 2016

አጎቴ ከሊፋ፣

ሦስቴ ጽፈውልኝ ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። «ፎቶው እንዴት ወጣ?» ላሉኝ የምመልሰው አጥቼ ነው።

አዴ ዓቢዳ ሞቱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰርጉ ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ላፕቶፔን ይዤ ልሄድ በተቀጣጠርንበት ቀን ዋዜማ ነው። ሀያ ከጫጉላዋ ወጥታ ለቀብር ነው የመጣችው።

እርስዎ እንዳሉኝ በሮው አነሳኋቸው። እሳቸውም ቤት እንደማይከፈት ስነግራቸው «እንዲያማ ከሆነ ይሻላል» ብለው ደስ አላቸው። ሌላ ሰው ይወቅ የሚለውን ምክርዎንም ነግሬያቸው ነበር፤ «አንቺና እኔ እንበቃለን» አሉኝ። ድግሱ ሲያልቅ ካርዱን በእጃቸው ሰጠሁ፤ ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሬሳው ሲገነዝ የተገኘው እዚያው ተቋጥሮ ነው።

ሀያ ከቀብር በኋላ የእናቷን ፎቶ ልይ ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ቴሌቪዥኑ በፈረንሳይኛ ምንም ፎቶ የለም አለ። ሌላ ቴሌቪዥን ላይ ሞከሩ፤ ያው ነው። በቃ፣ ሁዳ ባዶ ካርድ ሰጥታ እውነተኛውን ይዛ ሄደች ተባለ። ያን ሁሉ ፀጉሯን የፈታች ሴት ፎቶ እኔ ጋ አለ ማለት ነው፣ በእነሱ አስተሳሰብ።

ለቅሶ ስደርስ ሱፊያን ከበሩ አላሳለፈኝም። ሰው እየሰማ የሴቶቻችንን ፎቶ የት አደረስሽው አለኝ። ካርዱ ላይ እንዳለ ነገርኩት፤ ዓይነቱ በቴሌቪዥን እንደማይታይ፣ በኮምፒውተሬ ብቻ እንደሚከፈት። እዚያው ከፍቼ ላሳይ እንዳልል ያ ፊት ይታያል። «እስከ ዛሬ የማንንም ሰርግ እንዲህ አንስተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። አላውቅም አልኩ። «ታዲያ የኛን ለምን?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ምን ልበል? በድንኳኑ ሰው ፊት «እናታችሁ በሽታዬን ደብቂልኝ ብለውኝ ነበር» ልበል? ዝም ስል ሰው ሁሉ አየኝ። እኔም እነሱን ብሆን አላምነኝም ነበር።

አጎቴ፣ ምስክሬ ያ ካርድ ብቻ ነው፣ እሱም እነሱ እጅ ነው። የአዴ ዓቢዳም ፊት ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ፎቶ የማይወዱ ሴት ነበሩ፤ ከፓስፖርታቸው በቀር ሌላ የላቸውም። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ሁዳ

ከዚራ፣ የካቲት 21

ልጄ ሁዳ፣

አላህ ይርሐማቸው። አንቺንም ያጽናሽ።

ተቆጥቶ ይሆን ብለሽ እንደሆነ፣ አልተቆጣሁም። በሮው አንሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ብቆጣ በማን ልቆጣ ነው?

አሁን ከሁሉ የሚቀድመው ካርዱ ነው። ፎቶዎቹ አሉ፤ ሰው ስላላያቸው አልጠፉም። ባዶ ነው ብሎ የያዘው ሰው ግን ሌላ ነገር ሊቀዳበት ይችላል፣ ያን ጊዜ ያልቃል። ለሱፊያን አይደለም፣ ለሀያ ንገሪያት። ካርዱ ላይ ማንም ምንም እንዳይጭን። ይህን ብቻ ያድርጉና የቀረውን ቀስ ብለን እንፈታዋለን።

እውነቱንም ንገሪያት። ቃል መግባትሽን አከብራለሁ፤ ግን ሴትዮዋ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ቃሉን ራሳቸው ይፈቱልሽ ነበር ብዬ አምናለሁ። ልምጣ ወይ? ጉልበቴን ተይው፣ ባቡሩ ቁጭ ብሎ ነው የሚወስደው።

ከሊፋ

አርሂባ፣ የካቲት 25

አጎቴ፣

አይምጡ። መጥተው በዚያ በር ላይ እንዲቆሙ አልፈልግም።

ለሀያ ንገሪያት ላሉኝ፣ አልደረስኩባትም። ስልኳን አታነሳም። እቤታቸው የምትሠራ ትርሲት የምትባል ልጅ አለች፤ ወደዚህ ስመጣ ባንድ ፉርጎ ነው የመጣነው፣ ገበያ ስትወጣ እየጠበቅኩ አገኛታለሁ። በእሷ በኩል ካርዱ እንዳይነካ ላኩ። የላክሁት መልእክት ግን የዘገየ ኖሯል።

ሱፊያን ለእናቱ የተቀራውን ቁርአን በቪዲዮ ቀድቶታል። ለአገር ቤት ዘመድ ሊልከው ነው። ካሜራው ካርድ ሲፈልግ ቤት ውስጥ ያገኘው ያንን ነው። ባዶ ነው ተብሏላ። ካሜራው ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አጥፋ ብሎ፣ ከዙህር ሰላት እስከ ዓስር ሰላት ቀዳበት። ትርሲት እየነገረችኝ ቲማቲም ትመርጥ ነበር፤ ምን እንደነገረችኝ አታውቅም።

ገበያው መሀል ተቀመጥኩ። እናቱን ነው ያጠፋው አጎቴ፣ ለእናቱ ቁርአን እያስቀራ። ሊወቀስበት የሚችል ነገር የለም፤ እኔ ግን ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ትርሲትን ካርዱን ስረቂልኝ ብዬ ለመንኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሷም «እህቴ፣ አንቺ ሌባ ተብለሽ ሳለ እኔን ሌባ ልታደርጊኝ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አፍሬ መንገዱን እንኳ ሳላይ ነው የተመለስኩት።

ይዘውኝ የነበሩት ሰርጎች በሙሉ ቀርተዋል። የአንዷ እናት ደውላ አንድ ቃል ሳትናገር ዘጋችው። ባለፈው ዓመት ያነሳኋቸው ሴቶች ደግሞ ባሎቻቸውን እየላኩ የእኛስ የት አለ ይላሉ። የለኝም ስል ይስቃሉ። የአከራዬ ልጅ ልብሷን ከማሰጫው ስታወርድ እኔ ከወጣሁ ሻሿን ታጠብቃለች፤ እኔ ሴት ሆኜ!

ትርሲት ግን ያለመስረቋ በጀኝ። ለሀያ «ያቺ ልጅ ለካርዱ ታለቅሳለች» ብላ ነግራታለች። ሀያም ሰጥታ ላከችብኝ። መልእክቱ «ባዶ ካርድሽን ውሰጂ፤ የኛን ስታመጪ እንነጋገራለን» የሚል ነው። ካርዱ ይኸው ፊት ለፊቴ ነው። ልነካው ፈራሁ።

ሁዳ

ከዚራ፣ የካቲት 26

ልጄ፣

ካሜራ ውስጥ እንዳትከቺው። ላፕቶፕሽ ላይ አድርገሽ፣ የጠፋ ፋይል የሚያወጣውን ፕሮግራም ክፈቺና ያገኘውን ሁሉ ሌላ ቦታ ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዢው። ካርዱ ላይ መልሶ እንዳይጽፍ።

ተስፋ አለው ወይ ትይኝ ይሆናል። አልዋሽሽም። ያን ሁሉ ሰዓት ቪዲዮ ከተቀዳ ሮዎቹ አብዛኞቹ ተደፍተዋል፤ የተረፉትም ተቆራርጠው ነው የሚወጡት፣ የተቆራረጠ ሮው ደግሞ አይከፈትም። ግን ስሚኝ። ካሜራው እያንዳንዱ ሮው ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ጄፔግ ይሸጉጣል። ከጀርባው መስታወት ላይ ፎቶውን የሚያሳይሽ እሱን ነው። ትልቁ ቢሞት ትንሹ አንዳንዴ ይተርፋል። ፕሮግራሙን ጄፔግ ብቻ ፈልግ በዪው።

ያን የናቅነውን ነው እንግዲህ የምንለምነው። ዛሬ ከሱብሒ ሰላት ጀምሮ ዱዓ ላይ ነኝ። ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ፤ ዝም አትበዪኝ።

ከሊፋ

አርሂባ፣ የካቲት 28

አጎቴ ከሊፋ፣

አንድ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንድ ብቻ፤ እሱም አዴ ዓቢዳ ያሉበት።

ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከታች ከወገባቸው ጀምሮ ግራጫ ሆኖ ተቆርጧል፤ ላይኛው ደህና ነው። ጥግ ላይ የሀያ ትከሻና የመሸፈኛዋ ጫፍ ይታያል። ፊታቸው ግን ያ ፊት ነው። ያ ጥቁረት፣ ያ የደረቀ ከንፈር። መዋቢያው ላብ ሲያገኘው ተላጦ ይባስ አሳይቶታል። በሮው ቢሆን አወጣው ነበር፤ ይህን ግን ትንሽ ባነጣሁት ቁጥር ጉንጫቸው እየተሰነጠቀ ካሬ ካሬ ነጠብጣብ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ባጠራውም፣ ብቀንሰውም፣ ሰው አይመስሉም። እንዳለ ሲተው ብቻ ነው እሳቸውን የሚመስሉት፤ ያውም ማንም እንዳያያቸው የለመኑኝን እሳቸውን።

እንግዲህ ይኸውልዎት። ይህን ለሀያ ባሳያት ሌባ አለመሆኔን ታውቃለች፤ ከዚያ ምሽት ከዚያ ካርድ የወጣ ነው። ባሳያት ደግሞ የሞተች ሴት የነገረችኝን አንዲቷን ነገር አፈረስኩ። ባላሳያት እዚህ አገር አልቆልኛል፣ ልጅቷም እናቷን የምታይበት የላትም። አጥፍቼው ልገላገል ብዬ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ ነበር። አልቻልኩም።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ይንገሩኝና እንደዚያ ላድርግ።

ሁዳ

ከዚራ፣ የካቲት 29

ሁዳዬ፣

አንድ ጊዜ መክሬሽ ይኸው እዚህ ደረስሽ። ሁለተኛ አልመክርሽም። ስለፈራሁ ነው።

የሚያሳርፍሽን አድርጊ። ያደረግሽውን እኔ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ

አርሂባ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ከሊፋ፣

ረመዷን ሙባረክ። ሱሑር ማዕድ ላይ ሌሊት ብቻዎን እንዳይቀመጡ፤ ጎረቤቱን ይጥሩ።

አልጠይቅሽም ቢሉም እነግርዎታለሁ። በትርሲት በኩል አንድ ቃል ብቻ ላክሁ፤ ከእናትሽ ጋር የተነጋገርነው ነገር አለ፣ ብቻሽን ነይ አልኳት። ትመጣለች አላልኩም ነበር። ትናንት ከዓስር ሰላት በኋላ መጣች። የሙሽራ ሂናዋ ገና እጇ ላይ ነው።

አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። በሽታውን፣ ቃሉን፣ ለምን በሮው እንዳነሳሁ፣ ለምን ወንድሟ ፊት ዝም እንዳልኩ። ቪዲዮውን ግን አልነገርኳትም፤ ካርዱ ተበላሸ ብቻ አልኩ። ከዚያ አንድ ፎቶ እንደተረፈና እንዴት ያለ እንደሆነ፣ እናቷም እንድታየው እንዳልፈለጉ ነገርኳትና ምርጫውን ለእሷ ተውኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ሁዳ፣ ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። «በእነዚህ እጆቼ። ምኗን ነው የምትደብቂኝ?»

አጎቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ስጨነቅ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ በልቤ አላለፈም። እሳቸውም አላሰቡትም። ማን እንደሚያጥባቸው አላሰቡም።

ላፕቶፑን ከፈትኩላት። ብዙ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ተጠግታ አየች። እናቴ ወዴት ነው የምታየው ብላ ጠየቀችኝ፤ አንቺን ነው፣ አንቺ እየጨፈርሽ ነበር አልኳት። «ስኳር ነው ብላኝ» አለች፤ «ስኳር ነው ብላኝ ስጨፍር አመሸሁ።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ፊቱን ላነጣው እንዳልሞክር ከለከለችኝ። እንዳለ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ከዚያ እንደ ደንባችን የእኔን ቅጂ እያየችኝ አጠፋሁ፣ ካርዱንም ሰጠኋት። ሌላ ምንም እኔ ዘንድ እንደሌለ በዓይኗ አየች። ይቅር በይኝ አለችኝ፤ ይቅር ብያታለሁ፤ ከልቤ ነው።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። ወንድሜ ፎቶውን ካላየ አያምነኝም አለች፤ ካየው ደግሞ እናታችን በሽታዋን ደብቃው እንደሞተች ያውቃል፣ ካርዱም ባዶ እንዳልነበረ፣ በገዛ እጁ ምን እንደቀዳበት ያውቃል። እኔ ሳልነግራት ደርሳበታለች፤ ካርዱን ለወንድሟ ያቀበለችው እሷው ነች ለካ። «ሱፊያን ይህን ችሎ አይኖርም» አለችኝ። እኔም እንዳታሳዪው አልኳት።

እንግዲህ እዚህ ስሜ አይጸዳም፤ ወደ ድሬ እመጣለሁ። ፎቶ ቤቱን ካልሸጡት ለፓስፖርትም ቢሆን ሰው አላጣም። ትርሲት ዕቃ በማሰር ታግዘኛለች። ባቡር ጣቢያ አይውጡ፤ ፆምና ፀሐይ አንድ ላይ ይጎዳዎታል።

ሀያ እጄን ይዛ ሰው ከጠየቀኝ ካርዱ ባዶ ነበር እላለሁ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ልጅዎ ሁዳ